«አለብህ» በእንግሊዝኛ ስንት ነው?

«መቶ ብር አለብኝ» እንላለን። «ነገ በጠዋት ሥራ መግባት አለብኝ»ም እንላለን። ብሩም ሥራውም በዚያችው በአንዲት «አለብኝ» ነው የሚጫኑብን። ብሩ ላይ አበዳሪው ይታወቃል። ሥራ መግባቱ ላይ ግን ማን እንደጫነብን ቃሉ አይናገርም። አለቃዬ ይሁን፣ ሕጉ ይሁን፣ ህሊናዬ ይሁን፣ የቤት ኪራዩ ይሁን፣ «አለብኝ» ለሁሉም አንድ ነው። ሰሚው ከነገሩ ይረዳዋል።

እንግሊዝኛ ላይ ስንመጣ ጣጣው ይጀምራል። ለዚያች ለአንዲት «አለብኝ» ይሄን ሁሉ ያቀርብልሃል፤ መስት፣ ሃቭ ቱ፣ ሹድ፣ ኦት ቱ፣ ኒድ ቱ፣ ሃድ ቤተር፣ ሰፖዝድ ቱ፣ ሻል። ትምህርት ቤት ያስተማሩን ከኃይለኛው ወደ ለስላሳው በደረጃ ነበር። መስት አናት ላይ ይቀመጣል። ሹድ መሀል ላይ ነው። ማይት ከታች። ከላይ ያለው ግዴታ፣ ከታች ያለው ምክር፣ በቃ። ለፈተና ይበቃ ነበር።

ለንደን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ ለመጡ የአገሬ ልጆች እንግሊዝኛ አግዛለሁ። እዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ያ የደረጃ ትምህርት ከጠቀማቸው ያሳሳታቸው ይበልጣል። «ይሄ ቃል ምን ያህል ይጠነክራል?» ብለው ነው የሚጠይቁኝ። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፤ አበዳሪው ማነው? ባይከፈልስ ማን ይመጣል? ይሄ ከተመለሰ ቃሉ ራሱ ይመጣል።

መስትን እንውሰድ። ብዙ ጊዜ ግዴታውን የሚጭነው ተናጋሪው ራሱ ነው፤ ወይም ደንቡ በራሱ አንደበት ሲናገር ነው። ሃቭ ቱ ሲሆን ግዴታው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ተናጋሪው ነጋሪ ብቻ ነው። ነርሷ «ዩ መስት ስቶፕ ስሞኪንግ» ካለችህ ራሷ ቆጣ ብላ እያዘዘችህ ነው። «ዩ ሃቭ ቱ ዌይት አውትሳይድ» ካለችህ ግን የቤቱን ደንብ ነው የነገረችህ፤ እሷን አትቀየማት። ስለ ራስህ ስታወራም እንዲሁ ነው። «አይ መስት ኮል ማይ ማዘር» የሚል ሰው እናቱ ትዝ ብላዋለች። «አይ ሃቭ ቱ ኮል ማይ ማዘር» የሚለው ደግሞ፣ እናትየው ሳይቆጡ አይቀሩም። ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ብሎ ይለያል ማለቴ አይደለም። አሜሪካኖቹማ በወሬ ላይ ለሁለቱም ሃቭ ቱ ይቀናቸዋል።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። እንግሊዞቹም ጥንት እንደኛው ከዕዳ ነው የተነሡት። ኦት ድሮ የኦው ኃላፊ ጊዜ ነበር። ኦው ማለት ዕዳ አለብኝ ማለት ነው። ሹድም የሻል ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ሻል ራሱ በጥንቱ እንግሊዝኛ ዕዳ መኖርን ይናገር ነበር። መስትም እንደነሱ ድሮ ኃላፊ ጊዜ ነበር። ኋላ ለአሁን ጊዜ ዋለና ለትናንት የሚሆን ቅርጽ ሳይኖረው ቀረ። ለትናንት ግዴታ ሃድ ቱ የምንበደረው ለዚህ ነው። መምህሮቻችን ይሄን ቢነግሩን ኖሮ ያ ሁሉ «ልዩ ሕግ ነው፣ ሸምድዱት» ይቀርልን ነበር።

ሹድ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እሱ ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ ለመንጃ ፈቃድ ሲያጠና አብሬው ተቀምጬ ነበር። የእንግሊዝ የቲዎሪ ፈተና 50 ጥያቄ አለው፤ 43 ካላገኘህ አታልፍም። በእንግሊዝኛ ወይም በዌልስ ቋንቋ ካልሆነ አይሰጥም። ዌልስኛ ከመጀመር እንግሊዝኛው ይሻላል ብሎ ተያያዘው። የሚጠናው ሃይዌይ ኮድ የሚባለው የመንገድ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ እየታደሰ ይታተማል። በውስጡ መስት የሚለው ቃል በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ታገኘዋለህ። ከሥሩ የሕጉ ስም ይጠቀሳል። ሹድ ግን በተራ ፊደል ነው፤ ሕግም አይጠቀስበትም።

ልጁ ይሄን አየና ፊቱ በራ። «ጋሼ፣ ሹድ ከሆነ ብተወውም ችግር የለውም ማለት ነዋ!»

መግቢያውን አውጥቼ አስነበብኩት። መስት ያለውን ብትጥስ ወንጀል ነው። ልትቀጣ፣ ነጥብ ሊያዝብህ፣ ከመንዳት ልትታገድ ትችላለህ። ሹድ ያለውን ብትተው ለዚያ ብቻ ብሎ ማንም አይከስህም። ነገር ግን አደጋ ቢደርስና ፍርድ ቤት ብትቆም፣ ያንን ምክር አለመስማትህ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ ይችላል። ከፊትህ ካለው መኪና ቢያንስ የሁለት ሴኮንድ ርቀት ጠብቅ የሚለው ሹድ ነው። ባትጠብቅ ዛሬ ማንም ላይጠይቅህ ይችላል። የፊተኛው ፍሬን ይዞ ከኋላው የገባህበት ቀን ግን ያቺ ሹድ ትመጣለች።

እ.ኤ.አ. በ2022 የተጨመረ አንድ ደንብ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ወደ ሌላ መንገድ ስትታጠፍ የሚሻገር ወይም ለመሻገር የቆመ እግረኛ ካለ ቅድሚያ ስጠው ይላል፤ በሹድ። ዜብራ ላይ ላለ እግረኛ ቅድሚያ ስጥ ይላል፤ በመስት። ያው አንድ እግረኛ ነው። ለአንተም ያው አንድ ፍሬን ነው። የሚለየው ብትተው የሚመጣብህ ነው። በነገራችን ላይ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ከሌሊቱ 5:30 እስከ ጠዋቱ 1:00 አደጋ ካልመጣ በቀር ክላክስ ማድረግ ክልክል ነው፤ እሱ መስት ኖት ነው። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ነው ያደገው። እዚህ ላይ ብዙ ሳቅን።

ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩ ጓደኞቼ ይሄ አይደንቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ የኢንተርኔት ደረጃዎች ሰነድ መስት፣ ሹድና ሜይ ምን ምን እንደሆኑ ቁጭ አድርጎ ፈትቶላቸዋል። እዚያ ሹድ ማለት፣ በቂ ምክንያት ካለህና መዘዙን አስበህበት ካልሆነ አትተወው ማለት ነው። ቀልድ አይደለም ማለት ነው።

ወደ አሉታው እንሂድ። እዚህ ጥፋቱ ከእንግሊዝኛው ሳይሆን ከኛው ነው።

አንዲት እናት ለደም ምርመራ ቀጠሮ ነበራቸው። የሦስት ወሩን የስኳር መጠን የሚያሳየው ምርመራ ነው። ለእሱ ከምግብ መከልከል አያስፈልግም። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። እኔ ወረቀት ለመሙላት አብሬ ሄጃለሁ፤ የምታስተረጉመው የልጅ ልጃቸው ናት። ነርሷ ቀለል አድርጋ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ፋስት» አለች። ልጅቷም ወዲያው አዞረችው፤ «እማማ፣ መጾም የለብዎትም።»

እማማ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «እንዴት? ስንት ዘመን የጾምኩትን እንግሊዝ አገር መጥቼ ላስገድፈው?»

ነርሷ ግራ ገባት። ልጅቷም ግራ ገባት። የሰማችውን በትክክል ነው ያስተረጎመችው፤ አማርኛው ነው ሁለት መንገድ የያዘው። «መጾም የለብህም» ግዴታ የለብህም ሊሆን ይችላል። እንዳትጾምም ሊሆን ይችላል። ጆሯችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ክልከላው ያደላል። እንግሊዝኛው ይለያቸዋል። ዶንት ሃቭ ቱ ዕዳው የለብህም ማለት ነው፤ ብታደርገውም ባታደርገውም ያንተ ጉዳይ። መስት ኖት ግን ሌላ ዕዳ ነው፤ እንዳታደርገው ተብለሃል። «ቢጾሙም ባይጾሙም ለምርመራው ለውጥ የለውም» አልኳቸው። «እንደሱ አትሉም!» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት።

ከዚያ ወዲህ ለሚያስተረጉሙ ልጆች ሁሉ የምነግራቸው ይሄን ነው። ዶንት ሃቭ ቱ ስትሰሙ «የለብህም» ከአፋችሁ እንዳይወጣ። «አይጠበቅብህም» በሉ። «ባታደርገውም ችግር የለም» በሉ። በተቃራኒው መስት ኖት ስትሰሙ «እንዳታደርግ» ወይም «ክልክል ነው» በሉና ገላግሉት። ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ድሮ እዚህ አገር የመኪና ግብር የተከፈለበት ክብ ወረቀት መስታወት ላይ ይለጠፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2014 ጀምሮ ቀርቷል። ወረቀቱን መለጠፍ ዶንት ሃቭ ቱ ሆነ። ግብሩን መክፈል ግን እንደ ድሮው መስት ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ቅጣቱ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል።

አሁን ደግሞ ሃድ ቤተር። ይሄኛው እኛን ለይቶ የሚያጠቃ ይመስለኛል።

ኬር ሆም በሚባለው የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ አንዲት ልጅ አንድ ቅዳሜ ስልኳን ዘርግታ አሳየችኝ። «ጋሼ፣ ይሄን ይዩልኝ እስቲ። ማናጀሯ አኩርፋኛለች፤ ምን እንዳጠፋሁ ግን አላውቅም።» አነበብኩት። «ዩ ሃድ ቤተር ሴንድ ሚ ዘ ሮታ ባይ ፍራይዴይ» ይላል። በማናጀሯ ቦታ ሆኜ ሳነበው እኔም ደነገጥኩ።

ልጅቷ ያሰበችው ምን እንደሆነ ይገባኛል። «የሥራ ፕሮግራሙን እስከ ዓርብ ቢልኩልኝ ይሻላል» ነው። ከዚህ የበለጠ ጨዋ አማርኛ ከየት ይመጣል? በአንቱ ነው፤ «ቢልኩልኝ» አለበት፤ «ይሻላል» አለበት። ትእዛዝ የሚባል አይሸትም። ቤተር ማለት የተሻለ መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ ይሻላልን ወስዳ ሃድ ቤተር አደረገችው። እንግሊዝኛው ግን የሚያወጣው ሌላ ነው፤ «እስከ ዓርብ ብትልኪልኝ ይሻልሻል፣ አለዚያ ወዮልሽ።» ሃድ ቤተር ውስጥ ሁልጊዜ ያልተነገረች «አለዚያ» አለች። እናት ለልጇ «ኮትህን ብትለብስ ይሻልሃል፣ ብርድ ነው» ስትል ያምርባታል፤ አለዚያው ብርዱ ነውና። ጓደኛ ለጓደኛው «ባቡሩ ሊያመልጠን ነው፣ እንሂድ» ሲልም ያምራል። ለአለቃ፣ ለደንበኛ፣ ለማታውቀው ሰው ስትጽፈው ግን አለዚያው አንተ ራስህ ትሆናለህ።

የኛ ይሻላል የሚዛመደው ከኩድ ዩ እና ከኢት ዉድ ቢ ሄልፕፉል ኢፍ ጋር ነው። አብረን ሌላ መልእክት ጻፍን። ማናጀሯም በዚያው ቀን መለሰች፤ ሮታውም አብሮ መጣ።

ይኸው ኬር ሆም የሚሠሩ ልጆች ሌላም የሚቸገሩበት አለ። አንድ ነገር ሲፈጠር ሪፖርት ይጽፋሉ። «አምቡላንስ መጥራት ነበረብኝ» ማለት ይፈልጋሉ። አማርኛው ላይ ይሄ ዓረፍተ ነገር ተንጠልጥሎ ነው የሚቀረው። ጠራህ ወይስ አልጠራህም? «ሁኔታው ግድ ስላለኝ ጠራሁ» ከሆነ አይ ሃድ ቱ ኮል ነው። «አልጠራሁም፣ ይቆጨኛል» ከሆነ አይ ሹድ ሃቭ ኮልድ ነው። የመጀመሪያው ሥራህን እንደሠራህ ይናገራል። ሁለተኛው ጥፋትህን አምነህ የፈረምክበት ወረቀት ነው። ሥራውን በትክክል የሠራ ሰው፣ በሹድ ሃቭ የራሱን ክስ ሲጽፍ ሳይ ሆዴን ይበላኛል። አይ ዎዝ ሰፖዝድ ቱ ኮል ደግሞ ሌላ ነው። እንድደውል ተባብለን ነበር ወይም የሥራ ድርሻዬ ነበር ማለት ነው፤ ሰሚው ወዲያው «ታዲያስ?» ብሎ ይጠብቃል። ሰፖዝድ ቱ ብዙ ጊዜ ሳይሆን የቀረ ነገር ነው። አሥር ሰዓት ይመጣል የተባለው አውቶቡስ ሰፖዝድ ቱ ነው። መጣ ማለት አይደለም።

ኦት ቱ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ሲነገር ትሰማዋለህ፣ ይገባሃል። ሹድ ካወቅህ ይበቃሃል።

ቢሮ ውስጥ ግን የግዴታ ቃላት ራሳቸውን ደብቀው ነው የሚመጡት። ጄፍሪ ሊች የተባለ እንግሊዛዊ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 እና በ1991 የታተሙ ጽሑፎችን አነጻጽሮ፣ መስት፣ ሻልና ኦት እየቀነሱ፣ ኒድ ቱ እየበዛ መምጣቱን አሳይቷል። ቢሮ ለዋለ ሰው አይገርምም። ዛሬ ማን አለቃ ነው መስት የሚለው? «ዩ ኒድ ቱ ፊል ዚስ ኢን» ይልሃል። ቅጹን የምትፈልገው አንተ ሳትሆን እሱ ነው። ግን ዕዳውን ያንተ ፍላጎት አስመስሎ ያስይዝሃል።

ከዚህ የባሰው «ዩ ማይት ዋንት ቱ» ነው። ቃል በቃል ካየኸው «ምናልባት ትፈልግ ይሆናል» ነው። ሪፖርትህን አንብቦ «ዩ ማይት ዋንት ቱ ሃቭ አናዘር ሉክ አት ዚስ» ያለህ አለቃ እንደገና ሥራው እያለህ ነው። በትምህርት ቤቱ ደረጃ ማይት ከሁሉም ታች ነበር አይደል? እዚህ ከመስት እኩል ይጫናል። አንድ ወዳጄ እንዲህ ተብሎ «ኖ ሳንክ ዩ፣ አይ አም ሃፒ ዊዝ ኢት» ብሎ መልሷል። እውነቱን ነው፤ ትፈልጋለህ ወይ ተባለ፣ አልፈልግም አለ። አለቃው ምን እንዳለ ባልነግራችሁ ይሻላል።

ሕግ ላይ ሻል ይነግሣል። በእንግሊዝኛው የሕገ መንግሥታችን ቅጂ አንቀጽ 5 አማርኛን የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ሲያደርግ «ሻል ቢ» ይላል። አማርኛው «መሆን አለበት» አላለም። «ይሆናል» ነው ያለው። ወግ ያለው አማርኛ ነው፤ ሕግ ሲናገር ገና የሚሆነውን እንደሆነ አድርጎ ነው የሚናገረው። ሁለቱ ቢለያዩም አንቀጽ 106 የመጨረሻውን ቃል ለአማርኛው ሰጥቷል። አሜሪካኖቹ ደግሞ ለሕዝብ በሚጽፉት የመንግሥት ጽሑፍ ሻልን ትታችሁ መስት በሉ የሚል መመሪያ አላቸው፤ ሻል ግዴታ ይሁን ትንቢት አይለይም ብለው። ውጫሌን ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ አንባቢ ይታዘበኛል። 1881 ዓ.ም.፣ አንቀጽ 17። አማርኛው ምኒልክ በጣልያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ «ይቻላቸዋል» አለ። ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ሰባት ዓመት ቆይቶ አድዋ። እንግሊዝኛ ባይሆንም ነገሩ ያው የሜይና የመስት ነው።

መስትን ሁልጊዜ ቁጡ አድርጌ ሳልኩት መሰለኝ። አይደለም። ግብዣ ላይ ሲመጣ ፍቅር ነው። «ዩ መስት ትራይ ዚስ ኬክ» ያለችህ ሴት እያዘዘችህ አይደለም። በሞቴ እያለችህ ነው። ለተናጋሪው የሚጠቅም ነገር ላይ መስት ካልክ ድፍረት ነው። ለሰሚው የሚጠቅም ነገር ላይ ካልክ ግን መጠንከሩ ራሱ አክብሮት ነው። እኛም ጉርሻ ስናጎርስ «ብትጎርስ ጥሩ ነበር» አንልም። ይሄን ለአዲስ መጪዎች ሳስረዳ አንድ ጊዜ በቂ ነው፤ አገሩን ያውቁታል።

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቅቃቸዋለሁ። «ዩ መስት ካም ራውንድ ሰምታይም» ሲባሉ ፍራፍሬ ገዝተው እንዳይጠብቁ። ሰምታይም እስካለችበት ድረስ ግብዣው አልተደረገም። ቀንና ሰዓት ሲጠራ ነው ግብዣ የሚሆነው። የፎቁ ጎረቤቴ ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ይቺን መስት ትለኛለች። እሷም ደህና ናት፣ እኔም አልሄድኩ።

በመጨረሻ እኔው ጠራኋት። «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡና አለ» አልኳት፤ በነሱ ሰዓት ሦስት። መጣች። አቦሉን ጠጣች፤ ስለ ጀበናው ጠየቀች፤ ስለ ዕጣኑ ጠየቀች። ቶናውን እንደጨረሰች ሰዓቷን አየችና «አይ ሪሊ ሹድ ቢ ጎዊንግ» አለች።

ሹድ ነው ያለችው። መስት አላለችም። በረካውን ቀዳሁላት።